ኩባንያዎ ሳይወለድ ስለሞተው ድረ ገጼ

ማዮ፣ ካርቱም
ቅዳሜ ግንቦት 22 ቀን 2007 ዓ.ም. (በእናንተ አቆጣጠር ሜይ 30 ቀን 2015)

ለክቡር ባሽመሃንዲስ አብደልሙንዒም
የኑጁም አል-ኸሪፍ የድረ ገጽ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዐማራት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሀቡቡ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ቀኑን በሚያጨልምበት በዚህ የሙቀት ሰሞን ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ሰርቨሮችዎን ለሚያቀዘቅዘው ማሽንም ጭምር ጤና እመኛለሁ። ድርጅትዎ ዕድሜው ይርዘም። እኛ ደንበኞችዎ በሕይወት መኖር አለመኖራችን የሚወሰነው በእርስዎ ቢሮ ስለሆነ ለራሳችን ዕድሜ ከመመኘት ተቆጥቤአለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ ንቀት እንዳይመስልዎ። ባለፉት ስድስት ሳምንታት አራት ጊዜ በዐረብኛ፣ ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጽፌልዎት ከስድስቱ አንዱም መልስ አላገኘም። በሚያነቧቸው ሁለት ቋንቋዎች ጽፌ ካልተነበብሁ፣ በማያነቡት ቋንቋ ብጽፍ የሚጎድልብዎ ነገር የለም። በአንጻሩ ይህ ደብዳቤ የሚታተምበትን የማኅበራችንን በራሪ ጽሑፍ የሚያነቡ ወገኖቼ ጉዳዩ የእነርሱም መሆኑን ያውቃሉ። ትርጉም ካስፈለገዎ ከቢሮዎ በር አሥር እርምጃ ላይ፣ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ፣ እናቷ የጎጃም ሰው የሆነች ሚያር የምትባል ሠራተኛ አለችዎ። ወደ እርሷ ዝቅ ብዬ እመለሳለሁ።

እኔ ጥዑመልሳን እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሬ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በዚህ ከተማ በቅየሳ ሥራ እተዳደራለሁ። በእርስዎ ሰርቨር ላይ የነበረኝ ድረ ገጽ ፎቶግራፌን የማሳይበት አልነበረም። በክርስቲያኖች መካነ መቃብር ያረፉ ኢትዮጵያውያን የሚገኙበት መዝገብ ነበር። እያንዳንዱን መቃብር በሜትር ገመድ ለክቼ፣ ከምሥራቁ አጥር ስንት ሜትር፣ ከሰሜኑ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ከሟቹ ስም፣ ከአባቱ ስም፣ ከትውልድ አገሩና ካረፈበት ቀን ጋር እጽፍ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ደከምህ ቢሉኝ፣ አብዛኞቹ በየሰው ቤት የሠሩ፣ በየመንገዱ ሻይ የሸጡ፣ በየሕንፃው ስሚንቶ የተሸከሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጓደኞቻቸው አዋጥተው የሚተክሉላቸው የእንጨት መስቀል ሁለት ኸሪፍ አይችልም። የካርቱም ክረምት እንዴት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ቀለሙን ፀሐይ፣ እንጨቱን ምስጥ፣ ጉብታውን ጎርፍ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልኬቱ ብቻ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ወላጅ ወይም ወንድም ልኬቱን ከገጹ ላይ ወስዶ፣ ገመዱን ዘርግቶ፣ የሰውየው እግር ሥር ይደርስ ነበር። እንዲህ የተመዘገቡት አራት መቶ አሥራ ሁለት ነፍሳት ናቸው።

ይህ ገጽ ዛሬ የለም። የጠፋው ዓርብ ሚያዝያ 9 ቀን፣ ድርጅትዎ አሮጌውን ሰርቨር ትቶ ወደ አዲሱ በተዛወረ ዕለት ነው። ቤት ሲለቅ ድስት የረሳ፣ ምንጣፍ የረሳ ሰው አውቃለሁ፤ እርስዎ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ረስተዋል። በዚህም ሰሞን ከእነዚህ የአንዷ እናት፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ከወረታ ድረስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው የልጃቸውን መቃብር ሊያዩ መጥተዋል። ልጃቸው ሙላቷ ንጋቱ ትባላለች። ከእርስዎ ቢሮ ሦስት መንገድ አልፎ በሚገኝ ቪላ በቤት ሠራተኝነት ኖራ፣ በ2005 በንዳድ በሃያ ሦስት ዓመቷ ያረፈች ናት።

አቤቱታዬን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ። ምስጋና የሚገባበት ቦታ ላይም ምስጋናዬን አልነፍግም።

1ኛ. ድርጅትዎ ከመዛወሩ በፊት ማስታወቂያ ስለላከልኝ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው መላኩን ባለሙያዎ አቶ ኢሃብ በኮምፒውተራቸው ላይ አሳይተውኛል፤ ተቃውሞ ያለው ደንበኛ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ በትሕትና ይጠይቃል። የተላከው ግን በዚያው በእናንተ ሰርቨር ላይ ወዳለው የኢሜይል ሳጥኔ ነው፤ የተላከበትም ሰዓት ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ይኸውም የሰው ቤት አፍርሶ ሲያበቃ «ቤትዎ ሊፈርስ ነው» የሚል ወረቀት በፍርስራሹ በር ሥር እንደማሾለክ ያለ ጨዋነት ነው። አልደረሰኝም ብላቸው አቶ ኢሃብ አጎቴ ብለው ጠርተውኝ፣ «ያ ዓም፣ እኛ ልከናል፤ መድረሱ የእኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ፖስታ ቤት ባለመቀጠራቸው የሱዳን ሕዝብ ዕድለኛ ነው።

2ኛ. ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ገጼ አልከፈት ሲለኝ መጀመሪያ የተነገረኝ፣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የድረ ገጹ ስም አዲሱን አድራሻ እስኪያገኝ አርባ ስምንት ሰዓት ጠብቅ» የሚል ነበር። ጠበቅሁ። ቀጥሎ ኮምፒውተርህ አሮጌውን ይዞ ይሆናልና ትውስታውን አጽዳ ተባልሁ፤ አጸዳሁ። ቀጥሎ በሌላ ኮምፒውተር ሞክር ተባልሁ፤ በሁለት አውቶቡስ መሃል ከተማ ሱቅ ዐረቢ ድረስ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሞከርሁ። ከዚያ ወዲህ መልሱ አንድ ሆነ፤ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ»፤ ነገ፣ አላህ ካለ ማለት ነው። ይህን ቃል ከቢሮዎ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቀያሽ ነኝና ቡክራን ለመለካት ሞክሬ አማካይ ርዝመቱ ሦስት ቀን ከግማሽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ አቶ ኢሃብ ገጹ ጨርሶ እንዳልተዛወረ ያውቁ ነበር።

3ኛ. ለምን እንዳልተዛወረ የነገረኝ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ለማንም ደንበኛ የተለጠፈ ነውና ምስጢር አላወጣሁም። ወረቀቱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ አዲስ ነገር ስላልተጻፈባቸው ወደ አዲሱ ሰርቨር ያልተወሰዱ ሠላሳ አንድ የግል ድረ ገጾችን ይዘረዝራል። በእያንዳንዱም ፊት «መዪት» ይላል፤ ሙት ማለት ነው። የእኔ አሥራ ዘጠነኛ ላይ ይገኛል።

ሚያርን ምክንያቱን ብጠይቃት ኮምፒውተሯን አየችና፣ «ጋሼ፣ መጨረሻ የተጻፈው 2007 ነው ይላል። ስምንት ዓመት ሆነው ብለው ነው» አለችኝ። ቁጥሩን ደግማ አየችና ገባት። «ዋላሂ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ ሁለት ካላንደር አለ እላቸው ነበር።»

ክቡርነትዎ፣ የመጨረሻውን መቃብር የመዘገብሁት መጋቢት 19 ቀን 2007 ነው፤ ገጹ ከመጥፋቱ ልክ ሃያ ቀን በፊት። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንቆጥረው ዓመት ከእናንተው በሰባት፣ አንዳንዴም በስምንት ያንሳል። ይህን አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው አያውቅም። ባለሙያዎ ከፊታቸው ከተደረደረው ጽሑፍ አንዲት ፊደል አላወቁም፤ ቁጥሩን ብቻ አወቁ፤ ያወቋት ጥቂት ነገር ሰው ለመግደል በቂ መሰለቻቸው። ነውሩ ይህ ነው።

ይህ ስሌት የወለዳቸውን ድንቆች ላካፍልዎ። በዋናው በርዎ ላይ ድርጅቱ የተቋቋመው በ2009 እንደሆነ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ስለዚህ ገጼ ድርጅትዎ ከመወለዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ በድርጅትዎ ሰርቨር ላይ አርፏል ማለት ነው። ውል የተፈራረምነው በእናንተ 2011 ነው። ስለዚህ እኔ ከሞተ አራት ዓመት የሆነውን ገጽ ተሸክሜ መጥቼ፣ እርስዎም በማኅተም ተቀብለውኛል። ማሽኑ ራሱ እያንዳንዱ ጽሑፍ የገባበትን ቀን በእናንተው አቆጣጠር፣ በእናንተው ቁጥር ይመዘግባል። አቶ ኢሃብ ግን በየቀኑ የሚያነቡትን ማሽን ትተው ማንበብ የማይችሉትን ገጽ አመኑ። ለፊደላችን ስላሳዩት እምነት አመሰግናቸዋለሁ።

ሚያር ይህን በመናገሯ ቅያሜ እንዳይደርስባት አደራ እላለሁ። ሁለቱንም ዘመን የምታውቅ ሠራተኛ አሥር እርምጃ ላይ አስቀምጦ ሳይጠይቁ ስምንት ዓመት መሳሳት፣ ውኃ ጥም የያዘው ሰው ከውኃ ጋኑ፣ ከዚሩ አጠገብ ተቀምጦ አባይን ሲያማ እንደመዋል ነው።

4ኛ. የውላችን ሰባተኛ አንቀጽ የደንበኛው መረጃ ቅጂ በየቀኑ እንደሚወሰድ ይናገራል። ቅጂውን ስጡኝ ብል፣ ቅጂው በእርግጥም በየቀኑ ይወሰድ እንደነበረ፣ የሚቀመጠውም በዚያው በአሮጌው ሰርቨር ላይ እንደነበረ በኩራት ተገለጸልኝ። የቤቱን ትርፍ ቁልፍ እዚያው ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን የቆለፈ ሰው እንዲህ ያለ ኩራት ሲሰማው አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ጽሑፌ አይታመንም። ልኬቱን የያዝሁባቸው ሦስት ደብተሮች ነበሩኝ። በነሐሴ 2005 ማዮን ጎርፍ ሲወስዳት ከቤቴ መደርደሪያ ጋር ጭቃ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዐማራት ያለው ቀዝቃዛ የሰርቨር ክፍላችሁ ከማዮ መደርደሪያ ይሻላል ብዬ ሁሉን በእናንተ ላይ ጣልሁ፤ ለራሴ አንድ ቅጂ አላስቀረሁም። በሥሬ የሚሠራ ቀያሽ ይህን ቢያደርግ በዕለቱ አሰናብተው ነበር። ራሴን ማሰናበት ስለማልችል ከእርስዎ ጋር እንድሟገት ፈርጄበታለሁ።

5ኛ. አሮጌው ሰርቨር የት እንደገባ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ሃምሳ አራት ዓመት ስኖር ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። ምንም ነገር እንዳይባክን እርስዎ ራስዎ ባዘዙት መሠረት፣ ማሽኑ ዛሬ ከበርዎ በላይ ያለው የጥበቃ ካሜራ የሚያየውን እንዲቀዳ ተደርጓል። ካሜራው ደጃፉን፣ የመንገዱን ጥግና የእርስዎን ነጭ መኪና ያያል። ስለዚህ ሙላቷ ንጋቱ ከምሥራቁ አጥር ስንት ሜትር ላይ እንዳረፈች በተጻፈበት ዲስክ ላይ፣ መኪናዎ ጠዋት ሲቆም፣ ቀትር ላይ ሲቆም፣ ማታ ሲነሳ በየቀኑ ይጻፍበታል። የቆመ መኪና ፊልም እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር።

ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የተበላሸ ዲስክ የሚያድን ማግዲ የሚባል ባለሙያ አማከርሁ። ነገሩን ሰምቶ፣ «ያ ዓም፣ ዛሬ ብታመጣው ግማሹን አወጣልሃለሁ፤ በሳምንት ሩቡን፤ በወር ብታመጣው ቆርቆሮውን አጥቤ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ይህን ይዤ ወደ ቢሮዎ ሄድሁ። ዲስኩ የድርጅቱ ንብረት ነው፣ የጥበቃ ጉዳይም ስለሆነ ሊቆም አይችልም ተባልሁ። ይህ ከሆነ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። በማግዲ ስሌት ግማሹ አልፏል፤ ሩቡም እያለፈ ነው።

አሁን ወደ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ልመለስ። ወረታ ካለ ብረት ሠሪ ዘንድ የልጃቸው ስም የተበየደበት የብረት መስቀል አሠርተው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ በመተማ ፍተሻ ላይ ሁለት ጊዜ እየፈቱ እያሳዩ ይዘው መጥተዋል። ትናንት ወደ መካነ መቃብሩ ወሰድኋቸው። በደቡቡ አጥር በኩል ስም የሌላቸው አምስት ጉብታዎች አሉ። ከአምስቱ አንዷ ሙላቷ ናት። «ይህች ናት» ብዬ ባሳያቸው ያምኑኝ ነበር፤ አልቅሰው፣ መስቀላቸውን ተክለው፣ ሰኞ አገራቸው ይገቡ ነበር። እኔም ይህን ማለት ዳድቶኝ ነበር። ነገር ግን ትዝታ ልኬት አይደለም፤ የአንዲቱን ሴት መስቀል በሌላይቱ ሴት ልጅ ደረት ላይ አላስተክልም። አላወቅሁም አልኋቸው። መስቀሉን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ «ግድ የለም ልጄ፤ አንተ ፈልግ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ካሜራው ዛሬውኑ መቅዳቱን ያቁም። ዲስኩ አቶ ኢሃብ ባሉበት ለማግዲ ይሰጥ፤ ባዶ ዲስክ በምትኩ እኔ አመጣለሁ። ካሳ አልጠየቅሁም። ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ ተርፎ ከተገኘ በግድግዳዎ ላይ ሞታችሁ ለተባሉት ለሌሎቹ ሠላሳ ደንበኞች ያካፍሉልኝ።

ድርጅቱን ለቅቄ ሌላ እንድፈልግ የመከሩኝ አሉ። አልለቅም። በውሌ ቀሪ ጊዜ አለኝ፤ ባይኖረኝም ውሉን አድሰው ነበር።

ይህ እስኪፈጸም የምናደርገውንም አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ፤ እኔ ማስታወቂያ የምሰጠው ከማድረጌ በፊት ነው። ስማቸው የሚታወቅ መቃብሮችን በየዓርቡ እንደገና እንለካለን፤ ሃያ ሦስት ሰዎች ገመድ እንያዝላችሁ ብለው ተመዝግበዋል። ስማቸው የጠፋባቸውን ግን ከእርስዎ ዲስክ በቀር የሚያውቃቸው የለም። ስለዚህ ከሰኞ ግንቦት 24 ጀምሮ፣ ቢሮዎ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ በመካነ መቃብሩ ሰው ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሰልፍ አይደለም፤ ሰልፍ ፈቃድ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። እያንዳንዱ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ በኪሱ ይዞ፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ የአቤቱታ ቅጽ ሊሞላ የሚመጣ ሰው ነው። ከመግባቱ በፊት ግን ከካሜራው ሥር ይቆምና የሟቹ ስም በትልቁ የተጻፈበትን ወረቀት ለአንድ ደቂቃ ወደ ላይ ይዞ ይቆያል። ዝርዝሩ በእጃችን የለም፤ ነገር ግን ሰው የራሱን ሙት ያለ ዝርዝር ያውቃል። ካሜራዎ ያየውን ሁሉ በዚያው ዲስክ ላይ መጻፉ አይቀርም። በቀን ሃያ ሰው ቢመጣ በሃያ አንድ የሥራ ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ወደ ማሽንዎ ተመልሰው ይገባሉ። እነርሱን አጥፍቶ የመኪናዎን መልክ የያዘው ዲስክ የእነርሱን ስም መልሶ እስኪይዝ ድረስ አንቀርም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝ መልስ፣ በእንግዳ መቀበያው ለቀረበልኝ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ በተለይም ከአሥራ አንዱ ቡክራዎች እያንዳንዱን በፈገግታ ስላቀረባችሁልኝ ያለኝን ከበሬታ በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ለድርጅትዎ የማይቋረጥ መብራት፣ ለእርስዎም የማይረሳ ስም እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ጥዑመልሳን
ቀያሽ፤ በዝርዝርዎ አሥራ ዘጠነኛው ሙት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለወይዘሮ የሻሽወርቅ አንብቤላቸዋለሁ። ሰኞ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እርሳቸው ናቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ ወረቀት መያዝ አልፈለጉም፤ የልጄን ስም በአፌ እናገራለሁ ብለዋል። ካሜራዎ ድምፅ ይቀዳ እንደሆነ አቶ ኢሃብን ይጠይቁልን። የማይቀዳ ከሆነ ደረጃውን ወጥተው ለእርስዎ ለራስዎ ይነግሩዎታልና ወንበር ያዘጋጁላቸው፤ የመመለሻ ቀን አልቆረጡም።